የመስከረም ሁለት ሜዳ

«ታዲያ አብዮቱ ያንተን በቅሎ ፈቃድ ሊለምን ነው?» አለ ካድሬው ዘውገ፣ ከጭቃው ጫማውን እየነቀለ።

«በቅሎዋ አትዋሽም።» አቶ ሀብተ ሥላሴ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በኮቴዋ ዱካ ውስጥ ከተቱ። «አራት ጣት። ሁለት ጣት ካለፈ አውሮፕላን አይወርድም። ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ሜዳ ነው።»

«አንተ የጠበቅኸው የዋልያን አውሮፕላኖች ነው።»

«‹አንተ› ትለኛለህ? የመሪጌታ ልጅ ሆነህ ‹አባባ› ትለኝ አልነበር?»

«ዛሬ ጓድ ነህ።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ የላሊበላ የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ጠባቂ ናቸው። ክረምት ሲወጣ ሁለት ስልቻ ጨው የጫነች በቅሎ ከዳር እስከ ዳር ያስኬዱበታል። ኮቴዋ ከሰመጠ ሁለት ነጭ አቡጀዲ አመሳቅለው ያነጥፋሉ። ትንንሾቹን አውሮፕላኖች የሚያበሩት የዋልያ ሰዎች ያንን ሲያዩ ዞረው ይመለሳሉ። ዘንድሮ ግን ትላልቅ አውሮፕላኖች ያሉት አድማስ መጣ። ሁለቱም ኩባንያዎች ተወርሰው የመንግሥት ሆነዋል። የሚለያዩት በሚኒስቴር ብቻ ቢሆንም ጠባቸው የጣውንት ነው። ላሊበላ ከጎንደር፣ ከአክሱምና ከባሕር ዳር የሚመጣ መንገደኛ የሚገናኝበት ማዕከል ይሁን ተባለ፤ ማዕከሉም ለአድማስ ተሰጠ። ምረቃው በአብዮት በዓል፣ መስከረም ሁለት ቀን ነው።

«ለመስቀል ይደርቃል፤ ለመስቀል አድርጉት» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ።

«የአብዮት ሥራ በመስቀል ይመረቅ?» ዘውገ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን ካፖርት የሰጡህ ዋልያዎች ናቸው። ‹በካፖርት ገዝተውታል› ብዬ ብጽፍብህስ? የቀበሌው ውባንተ ዘበኝነቱን ከጠየቀ ቆይቷል።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ጭቃውን ከጣታቸው ጠረጉ። ውባንተ ጥቁሩን መረሬ አፈር ከጠጠሩ አይለይም። ሜዳው በእሱ እጅ ከገባ አንድ ቀን ሰው ያልቃል። እሳቸው ግን እዚያው ካሉ መላ አይጠፋም።

«እሺ። ግን በምዕራቡ ጫፍ ብቻ ይውረድ። ጠጠር ነው፤ ያጥራል እንጂ ይይዛል።»

«ይሁን» አለ ዘውገ፣ ቶሎ ብሎ።

ዘውገ ባቀረበላቸው «ሜዳው ደረቅ ነው» በሚል ወረቀት ላይ ፈረሙ። ስለ ምዕራቡ ጫፍ የሚል ነገር አልነበረበትም።

መስከረም ሁለት ጠዋት ሲመጡ ድንኳኑን ምዕራቡ ላይ ተተክሎ አገኙት። ወንበሮቹ ጠጠሩ ላይ ተደርድረዋል።

«ዘውገ! እዚህ ነው እኮ ይውረድ ያልኩህ!»

«ታዲያ ባለሥልጣኖቹ ጭቃ ላይ ይቀመጡ?»

ሮጠው አቡጀዲዎቹን አመጡ። አንዱን አንጥፈው ሌላውን ሲዘረጉ፣ ጠመንጃ የያዘው ውባንተ ጫፉን ረገጠ።

«ዛሬ የሚነጠፈው ቀይ ነው፣ አባባ።»

«አንሣ እግርህን! ላሊበላን፣ ሰው ታስጨርሳለህ!»

አውሮፕላኑ በድንኳኑ ላይ አልፎ መረሬው ላይ ወረደ። ጥቂት ሄደ፤ ከዚያ ጎማዎቹ እስከ ሆዱ ሰመጡና በአፍንጫው ተደፋ። ፕሮፔለሩ ተጣመመ። ሰው አልተጎዳም። ለምረቃው የመጣው የማርሽ ባንድ መምታቱን አላቆመም፤ አቁም ያለው አልነበረም።

ከእንግዶቹ መሐል የዋልያ ተወካይ ፈገግ አለ።

«ደረቅ ነው ያለው ማነው?» አሉ ከአዲስ አበባ የመጡት ሹም።

ዘውገ ወረቀቱን አውጥቶ የፈራሚውን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ስለ ጠጠሩ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ፊርማው የራሳቸው ነበር።

«ሜዳው እስኪጠና ድረስ ለአድማስም ለዋልያም ታግዷል» አሉ ሹሙ። የዋልያው ሰው ፈገግታው ጠፋ። «ዘበኛውን ከምሳ በኋላ አምጡልኝ።»

ገበሬዎቹ አውሮፕላኑን ለመሳብ ከየቤታቸው ጠፍር እንዲያመጡ ታዘዙ። ውባንተ ጠመንጃውን አንግቶ «አንድ፣ ሁለት፣ ሳብ!» ይላል። ካህኑም ተማሪውም ይስባል። አውሮፕላኑ ንቅንቅ አላለም።

አቶ ሀብተ ሥላሴ የሹሙ ምሳ ሳያልቅ በድንኳኑ ጀርባ ዞረው፣ እኅታቸው ዘነቡ ወዳለችበት ወደ ፍላቂት የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ሦስት ሰዎች ጠፍር ተሸክመው እየሮጡ ሲመጡ መንገድ ለቀቁላቸው፤ ከዚያ ቁልቁል ወረዱ።