ይግቡ

አባቴ ሸፊ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ላስተምር ሄድኩ። ለቀስተኛው አፉን ይዞ ቀረ። ቤት ብቀመጥም እንባ አልመጣልኝም፤ ምንም አልመጣልኝም። ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ እንግሊዝኛ የማስተምርባት ክፍል አለች። የዕለቱ ትምህርት ተውላጠ ስም ነበር።

መጽሐፉ «ተውላጠ ስም በስም ምትክ የሚገባ ቃል ነው» ይላል። ለሄደ ሁሉ ምትክ የሚገባለት ይመስል! መቅድሙ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ ጥርት ያለ፣ አማርኛ የሚያድበሰብስ ቋንቋ ነው ተብሎ ተጽፏል። «ዩ» ብሎ ሽማግሌውንና ሕፃኑን፣ ወንዱንና ሴቷን፣ አንዱንና መቶውን በአንድ ከረጢት የሚከት ቋንቋ ነው እኛን የሚሰድበን? ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ጉዳይ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ እጮህ ነበር። የዚያን ቀን ንዴቱም የሌላ ሰው ንዴት ሆነብኝ።

ሰሌዳው ላይ «ይግቡ» ብዬ ጻፍኩ።

«ወደ እንግሊዝኛ መልሱ።»

«ከም ኢን!» አለ ቢኒያም። የታክሲ ረዳት ነው። «ቀኑን ሙሉ የምለው እሱን አይደል?»

«አንተ ደግሞ መቼ ነው 'ይግቡ' ብለህ የምታውቀው?» አለችው ሳሌም። «'ጠጋ በይ፣ ጠጋ በይ' ነው የምትለን!»

ክፍሉ ሳቀ። ሳሌም ወደ እኔ ዞረች። «ግን ቲቸር፣ ለማን ነው የተባለው? በር ላይ ለቆመ ትልቅ ሰው ከሆነ ከም ኢን ነው። እዚያ ስለሌሉ ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ እ... ማለቴ፣ ሌት ሂም። ብዙ ከሆኑ ሌት ዘም። ማን እንደሆነ ካልነገርሽን እንዴት እንመልሰው?»

«ማን እንደሆነ አላውቅም» አልኩ።

የትምህርቱ ክፍል መስሏቸው እንደገና ሳቁ።

የአባቴ የመጨረሻ ቃል ነው። ከሰዓት በኋላ፣ አልጋው ላይ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ «ይግቡ» አለ። አጠገቡ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለእኔ ቢሆን «ነይ» ነበር የሚለው። በዚያው ቅጽበት በሩም ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ የሺ ሾርባ ይዘው መጥተው ነው፤ ጆሯቸው ስለከበደ ቃሉን አልሰሙም። እናቴ «ለየሺ ነው ያለው፣ በቃ» ትላለች። ግን አባቴ፣ ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ኑሕ የእናታቸውን ቀብር ሳይመጡ ከቀሩ ጀምሮ፣ ስማቸው በተነሳ ቁጥር «እዚህ ቤት አይግቡ» ይል ነበር። ቃሉ ያው ነው፣ ከፊቱ አንዲት «አ» ተጨምራበት። ኳኳታው ከቃሉ በፊት ይሁን በኋላ፣ አስቤ አስቤ ላስታውስ አልቻልኩም።

ቤት ስደርስ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ድንኳኑን ያርገበግበዋል። ጋሼ ኑሕ ከቀብር መልስ ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው፤ የቤታችንን ደፍ አልረገጡም። ሲያዩኝ ተነስተው እስከ በሩ ተከተሉኝ።

«ሀያም፣ ቆይ እስቲ» አሉኝ። «እናትሽ ነገረችኝ። 'ይግቡ' ብሎ ነው አሉ የሞተው።»

«አዎ ጋሼ።»

«በሩ ተንኳኩቶበት ነው፣ ወይስ... አንቺ የቋንቋ አስተማሪ ነሽ። እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው» ብል ውሸት ሊሆን ይችላል። «እትዬ የሺን ነው» ብልም ውሸት ሊሆን ይችላል። ሊያሳዝኑኝ ይገባ ነበር፤ የተሰማኝ ግን የእግሬ ብርድ ብቻ ነው። እሳቸው አፍ አፌን ያያሉ።

በሩን ከፍቼ ወደ ጎን ቆምኩላቸው።

«ይግቡ» አልኩ።

«እሱ ያለውን ነው የነገርሽኝ፣ ወይስ አንቺ ነሽ 'ይግቡ' የምትዪኝ?»

በሩን ይበልጥ ገፋ አደረግኩት። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።