አህያም ማስተርስ ይገባል

«እኔ ካመለከትኩለት አህያም ማስተርስ ይገባል!»

ይህን ያለችው ሬዲዮ ናት። ያለችውም ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የተሰለፈ ሰው ፊት፣ እጇን ወገቧ ላይ ተክላ ነው። ሬዲዮ ብለው ስም ያወጡላት የሰፈር ልጆች ናቸው። ባትሪ አያልቅባት፣ መዝጊያ የላት፤ ጠዋት ያወራችውን ማታ እንደ ዜና ትደግመዋለች። ዘጠነኛ ክፍል ላይ አቋርጣ በአክስቷ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት መሥራት ከጀመረች ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። የሰው ማመልከቻ ስትሞላ፣ የሰው ዲግሪ ስካን ስታደርግ ትውልና፣ ሲመሽ ዲግሪው ሁሉ የራሷ ይመስላታል።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች አክስቷ፣ ከወረቀት መቁረጫው ላይ ቀና እንኳ ሳትል። አክስቷ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት፤ እሷ የቆጠበችውን ሬዲዮ ትበትነዋለች።

«እቴቴ ደግሞ! እኔ የሞላሁት የማን ማመልከቻ ወድቆ ያውቃል?»

«የማንስ አልፎ ያውቃል?» አለ ከወረፋው አንዱ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሬዲዮም አብራ ሳቀች። ተረብ እሷ ላይ ውሎ አያድርም።

ሳቁ ሳያባራ ቲቸር በሩ ላይ ብቅ አሉ። ቲቸር ከመንገዱ ማዶ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢዝነስ የሚያስተምሩ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ሴት ናቸው። ሹክ ሲሉ እንኳ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተኛ ተማሪ ባንኖ ይነሳል። ሬዲዮንም አስተምረዋታል፤ ማለት ሊያስተምሯት ሞክረዋል። እንዳታወራ ብለው ፊት ወንበር ቢያስቀምጧት፣ ዞራ ከኋላዋ ካለው ሁሉ ጋር ታወራ ነበር።

«አንቺ!» አሉ ቲቸር። «ያልሽውን ከመንገድ ማዶ ሰማሁት። እውነትሽን ነው?»

«ለእርስዎማ በሩን ነቅለው ነው የሚያስገቡዎት፣ ቲቸርዬ!»

ቲቸር ወንበር ስበው ተቀመጡና ጉዳቸውን ዘረገፉት። ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠርተው፣ ዘንድሮ ሁለተኛ ዲግሪ ያልጀመረ ሰው ቢዝነስ አያስተምርም ብለዋቸዋል። የጀመረ ክፍሉን ይዞ ይቀጥላል። ያልጀመረ ዕቃ ግምጃ ቤት ይወርዳል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስተምር ኖሬ የተሰበረ ወንበር ስጠብቅ ልሙት?» አሉ። ያ ረጅም ድምፃቸው እዚህ ላይ አጠረ። «ክፍሌን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?»

ሬዲዮ ሆዷ ባባ። ግን ሬዲዮ ናትና ሆዷ ቢባባም አፏ አልተዘጋም። ስክሪኑን ወደ ቲቸር አዞረችና እንደ ጨርቅ ሻጭ ትዘረጋላቸው ጀመር።

«ይሄውልዎት፣ ለቢዝነስ አስተማሪ የሚሆን ሞልቷል። ይሄ የቢዝነስ ማስተማር ዘዴ ነው። እንዴት እንደሚያስተምሩ ያስተምርዎታል።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ኖሬ እንዴት እንደማስተምር ልማር? ... እሺ፣ ያዢልኝ።»

«ይሄኛው ደግሞ ቢዝነስ አስተዳደር። ሲጨርሱ ሥራ አስኪያጅ ነው የሚሆኑት፤ ባለ ትልቅ ወንበር!»

«ክፍሌን ጥዬ? ዝለይው።»

«ይሄ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ። አንድ ድርጅት ሰዉን፣ ሥራውንና ኮምፒውተሩን እንዴት እንደሚያገናኝ...»

«እሱን ለወንድምሽ ተዪለት! እኔ ያንን ማውዝ ስጨብጥ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

የሬዲዮ ወንድም እውነትም የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ምሩቅ ነው። ሊቁ ይሉታል። ሊቁ ኮምፒውተር ፊት አንበሳ፣ ሰው ፊት ዝናብ የመታት ጫጩት ነው። ማስተርሱን እንደ ነፍሱ ይፈልገዋል፤ ግን ቃለ መጠይቅ አለው ሲሉት ላብ ያጠምቀዋል። ሬዲዮ እሱንም ሳታማክር አመለከተችለት። ቲቸርን የቢዝነስ ማስተማር ዘዴ፣ ሊቁን ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፣ ሁለቱንም አንድ ዩኒቨርሲቲ። «እንዲያውም አብረው ይመረቃሉ፣ አንድ ቀን ፎቶ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ» እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ገና ያልተነሳውን ፎቶ!

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ሆነ። ይባስ ብሎ የሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት!

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች ሬዲዮ። «ካሜራ ያላቸው ሁለት ኮምፒውተሮች አሉን። አንደኛው ላይ ቲቸር፣ ሁለተኛው ላይ ሊቁ፣ መሐል መጋረጃ። እኔ እያለሁ!»

መጋረጃው ከአሮጌ የማስታወቂያ ሸራ የተቆረጠ ነው። በቀኑ ሬዲዮ ሰዎቹ ሳይመጡ ሁለቱንም ኮምፒውተር ከፈተች፣ ካሜራዎቹ ላይ ወረቀት ለጠፈች። ጠያቂዎቹ ከወዲያ በኩል ስም ሲጠሩ፣ በቲቸርም በሊቁም ፋንታ «አለሁ» ብላ ጻፈች። ትምህርት ቤት ሳለች ለቀሩ ጓደኞቿ አለሁ ማለት የለመደችው ነው፤ ከትምህርት ያተረፈችው ይህን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ቅቤ ነበር። የተበላሸው በአክስቷ ሕግ ነው። በዚያ ቤት ዘመድም ይምጣ ባለሥልጣን፣ ሕጉ አንድ ነው፦ ቀድሞ የመጣ አንደኛው ላይ፣ ተከትሎ የመጣ ሁለተኛው ላይ ይቀመጣል። ሬዲዮ ይህን ከማለት ብዛት በእንቅልፏም ትለዋለች። ሊቁ ከፍርሃቱ የተነሳ ሲሮጥ ቀድሞ ደረሰ። ሬዲዮ በዚያች ሰዓት ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ነክሶባት፣ እጇ በቀለም ጠቁሮ፣ ጭንቅላቷን ማሽኑ ውስጥ ቀብራ ነበር።

«የት ልቀመጥ?»

«አንደኛው ላይ!» አለች ሳትዞር።

ቲቸር ተከትለው ገቡ። «እኔስ?»

«ሁለተኛው ላይ!»

አለቀ። ጠያቂዎቹም ከጠዋት ጀምሮ የፊት ዓይነት ሲያዩ የዋሉ ናቸውና፣ አለሁ ካለ ስም ጋር ማን እንደተቀመጠ አላመሳከሩም። ካሜራው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተነሳ፣ ጥያቄው ተጀመረ።

ሊቁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አጥብቆ ተቀመጠ። ከፊቱ አንድ መላጣ ሰውዬ ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጠዋል። «ለጀማሪ ተማሪ ትርፍና ኪሳራን በምን መንገድ ታስረዳለህ?» አሉት። ሊቁ ስለ ዳታቤዝ ሲያጠና ያደረ ልጅ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ልቀም ተባለ! «ትር... ትርፍ ማለት...» አለና ደረቀ።

ቲቸር ግን ማዳመጫ አላደርግም ብለዋል። «ጆሮዬን ደፍኜ ከሰው ጋር አላወራም!» ስለዚህ የሳቸው ቃለ መጠይቅ በድምፅ ማጉያው ለቤቱ ሁሉ ይሰማል።

«አንድ ድርጅት አዲስ አሠራር በኮምፒውተር ቢዘረጋና ሠራተኛው አልጠቀምም ቢል ምን ያደርጋሉ?» አለች ዋናዋ ጠያቂ፣ ባለ መነጽር ሴት።

ቲቸር ጥያቄው ግራ ቢገባቸውም፣ ማስተርስ ስለሆነ ነው የከበደው ብለው ደረታቸውን ነፉ። «ማነው አልጠቀምም ያለው? ስሙን ንገሩኝ!»

«ኧረ ምሳሌ ነው።»

«ምሳሌም ቢሆን ፊት ወንበር ይቀመጥ! አጠገቡ የገባው ልጅ አስቀምጥለታለሁ። የፈራ ሰው ከአለቃው አይማርም፣ ጎኑ ከተቀመጠው ነው የሚማረው። አልጠቀምም የሚለውም ጠልቶ አይደለም፣ እንዳይሳቅበት ነው። በምን አወቅሽ በይኝ!»

«በምን አወቁ?» አለች ባለ መነጽሯ።

«ይሄው አሁን እጄ ሲንቀጠቀጥ አታዪም? እኔ ራሴ ነኝ ያ ሠራተኛ!»

ከስክሪኑ ሳቅ ፈነዳ። ወረፋ የያዘውም ሰው ፎቶ ኮፒውን ረስቶ እንደ ተማሪ «ትክክል!» አለ። አንዱማ እጁን አውጥቶ ነበር።

ሬዲዮ እስኪሪብቶ ልታነሳ ስታልፍ ነው ባለ መነጽሯ «ወደ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ለመምጣት ምን አነሳሳዎት?» ስትል የሰማችው። እስኪሪብቶውን ረሳችው። መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ ወንድሟ መላጣው ሰውዬ ፊት እንደ ሻማ እየቀለጠ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ጮክ ብሎ ተሳስቻለሁ ይል ነበር። ሬዲዮ ግን ተሳስቻለሁ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ አጥንት ይሰነቀራል። የቲቸር ክፍል፣ ያቺ የግምጃ ቤት ጨለማ፣ የተሰበረው ወንበር ሁሉ ባንዴ ታያት። «በፀጥታ አስተካክለዋለሁ» አለች ለራሷ። ጠረጴዛው ሥር በእንብርክኳ ገባች፣ ከስክሪኖቹ የሚወርዱትን ገመዶች ይዛ ተከተለች፣ ከዚያ የአንደኛውን ነቅላ ለሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ለአንደኛው ሰካች። ስክሪኑ ከተቀያየረ ቃለ መጠይቁም ይቀያየራላ! እንዲያ ነበር ሒሳቧ።

ቲቸር ፊት መላጣው ሰውዬ ዱብ አለ። አፉን ሲከፍት የባለ መነጽሯ የሴት ድምፅ ወጣ።

«የሰው ያለህ!» ጮኹ ቲቸር። «ጌታዬ፣ ድምፅዎ ምን ሆነ?»

ወረፋው መሬት ላይ ተንከባለለ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ የነከሰውን ወረቀት የተፋው በዚህ ሳቅ ነው የሚሉ አሉ።

ሊቁ አንዴ ስክሪኑን አየ፣ ማዳመጫውን ወርውሮ ተነሳ፣ መጋረጃውን ገለጠ። ጠረጴዛው ሥር ሁለት የሚያውቃቸው ተረከዞች አሉ።

«አንቺ! ውጪ ከዚያ!»

«ላስተካክልላችሁ ነው እኮ፣ ወንድምዬ...»

«ምኑን ነው የምታስተካክዪው?» ያ ደርቆ የነበረ ልጅ አፉ ተከፈተ፣ ተንተባትቦ የሚያውቅም አይመስል! «ስክሪን ማለት መስኮት ነው። መስኮቱን ብታዛውሪው የምታዪው ይለወጣል እንጂ የገባሽበት ቤት አይለወጥም! ካሜራውም፣ ድምፁም፣ ጥሪውም የያዙት ኮምፒውተሩን ነው። አሁን ቲቸር እዚህ ያያሉ፣ እዚያ ይሰማሉ፣ የሚታዩት ደግሞ ለማያዩት ሰው ነው! መጀመሪያ ገመዱን ወደ ቦታው፣ ከዚያ ሰውን ወደ ቦታው። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች ሬዲዮ ከሥር፣ በቀጭን ድምፅ፣ ገመዶቹን ወደ ቦታቸው እየመለሰች። በሕይወቷ ትምህርት አንዴ ተነግሯት ሲገባት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ይህ የሚያስረዳው ልጅ ማነው?» አለ የባለ መነጽሯ ድምፅ።

«የእናንተው መሆን አለበት! ለካ እኔ የሰው ክፍል ገብቼ ነው ሳስተምር የቆየሁት!» አሉ ቲቸር።

«ተለዋወጡ!» አለች አክስት። የዕለቱ ቃሏ ይቺው ነበረች።

ቲቸርና ሊቁ ሲጣደፉ መሐል ላይ ተጋጩ፣ መጋረጃው ከነሽቦው ተበጥሶ ቲቸር ትከሻ ላይ ወረደ። ጊዜ የለምና እንደለበሱት ሄደው መላጣው ሰውዬ ፊት ተቀመጡ። ደረታቸው ላይ በትልልቁ «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ አለ። ስለ ትርፍና ኪሳራ ሲጠየቁ ወደ ደረታቸው እያመለከቱ አስረዱ።

ከዚያ በኋላ ውጤት መጠበቅ ሆነ። ሬዲዮ ማውራት ስላቆመች አክስቷ ግንባሯን ዳሰሰቻት። ቲቸር ከመንገዱ ማዶ ሲያልፉ አንገታቸውን ደፍተው ነው፤ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ተሰጥቷቸው ከቦርሳቸው ተንጠልጥሎ ይንቀጫቀጫል። ያ ድምፅ ሬዲዮን ሌሊት ሁሉ ይቀሰቅሳት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ወረፋው እንደልማዱ ደርቶ ሳለ፣ ሊቁ ስልኩን እያውለበለበ ገባ። «ገባሁ! ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ገባሁ!» ሬዲዮ አቅፋው ዘለለች፤ ከዘለለችበት ሳትወርድ ግን ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። ቲቸር ቆመዋል።

«ቲቸር... እርስዎስ?»

«የቢዝነስ ማስተማር ዘዴው ሞልቷል ብለው መለሱኝ።»

ወረፋው ከንፈሩን መጠጠ። ሬዲዮ እንባዋ መጣ።

«ከዚያ ያቺ ባለ መነጽር ደወለች» አሉ ቲቸር፣ ድምፃቸው እየረዘመ። «ኮምፒውተር የሚያውቅ ሞልቶናል፣ የፈራውን ሰው ፊት ወንበር አስቀምጦ የሚያስለምድ ግን የለንም፤ ከቢዝነስ አስተማሪዎች መሐል ፈልገን ነበርና ይምጡልን አለችኝ። ትምህርቱ በዕረፍት ጊዜ ነው፣ ክፍሌን አልለቅም። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ! እኔ! ቁልፉን ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ጥዬው መጣሁ!»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሊቁና ቲቸር ተቃቀፉ፤ አብረው ሊማሩ ነዋ። «እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ፣ ማውዙን አስለምድዎታለሁ» አላቸው። አክስት እንኳ ፈገግ ብላ ለወረፋው ሁሉ አንዳንድ ገጽ በነፃ አነሳች።

የሬዲዮ እንባ ሳይደርቅ ድምጿ ተመለሰ፣ ሳቋ ተመለሰ፣ እጇም ወገቧ ላይ ተመልሶ ተተከለ።

«አላልኳችሁም?» አለች ለወረፋው። «ሁሉም በእኔ ዕቅድ ነው! ገመዱን የነቀልኩት ሆን ብዬ ነው! ሊቁን ማን አፉን አስከፈተው? ቲቸርን ከባለ መነጽሯ ጋር ማን አገናኛቸው? እኔ ካመለከትኩለት አህያም ማስተርስ ይገባል!»

ቲቸር ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«አህያው ይግባ» አሉ፤ «አንቺ ግን መጀመሪያ ዘጠነኛን ጨርሺ!»