የተቃጠለ ሱፍ

"አባዬ፣ ካውያው!"

ልብስ ሰፊው ደንግጦ ካውያውን ብድግ አደረገ። የሙሽራው ሱሪ ጉልበት ላይ የካውያው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፤ ጭሱ ሽቅብ ይትጎለጎላል። ሴት ልጁ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ፣ አፍንጫዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው መስኮቱን በረገደችው።

"እንደ ተቃጠለ ጸጉር እኮ ነው የሚሸተው። እኔ ጋ ድረስ እየሸተተ አንተን አልሸተተህም?"

"ሐሳብ ይዞኝ ነው።"

"ምን ዓይነት ሐሳብ ነው ደግሞ አፍንጫ የሚደፍን?"

ለቀልድ ነው ያለችው። እሱ ግን ክው አለ። ጀርባውን ሰጥቷት ሱሪውን አፍንጫው ላይ ለጠፈና ሳበ፤ ደግሞ ሳበ። ምንም የለም፤ ውሃ እንደ ማሽተት ነው።

ጠዋት ሆስፒታል ነበር። ሐኪሟ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሐኪም እንዲህ ቀረብ ሲል ወሬው ደግ እንዳልሆነ ማን ያጣዋል? አክስቱን አልጋ ላይ ያዋለው፣ አባቱንም ከሥራ አውጥቶ ጥግ ያስቀመጠው ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ እዚህ ቤት እንዲሁ በአጋጣሚ የገባ አልነበረም። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ የተዛባ ዘረመል አለበት። የደም ምርመራው ያንኑ ዘረመል እሱም ላይ አገኘው።

"አለብዎት ማለት ይታመማሉ ማለት አይደለም" አለችው። "ተሸክሞት ሳይታመም የሚኖር ብዙ ሰው አለ። ከሌላው ሰው ይልቅ ግን ለበሽታው ቅርብ ነዎት። ለልጅዎም ሊተላለፍም ላይተላለፍም ይችላል፤ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ለመሆኑ ማሽተት ላይ ችግር የለብዎትም? አንዳንዱ ሰው እጁ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ሽታ ይጠፋበታል።"

"ኧረ ደህና ነኝ" ብሏት ወጣ። አልዋሸም። ሰው ዓይኑ ሲደክም ራሱ ያውቃል፣ ጆሮው ሲከብድ ሌላው ይነግረዋል፤ አፍንጫው ሲከዳው ግን ማን ይነግረዋል? ሱቅ እንደ ደረሰ ለልጁ "ምንም የለም አሉኝ" አላትና ካውያውን ሰካ። ይኼኛው ግን ውሸት ነበር።

"ምን ያጯጩሃችኋል?" አሉ ሽማግሌው ከጥጉ። አባቱ ናቸው። ሰፈሩ ዛሬም "እጀ ወርቅ" ይላቸዋል፤ ያ ወርቅ እጅ አሁን ጭናቸው ላይ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል።

"አባዬ የሙሽራ ሱሪ አቃጥሎ ነው፣ አባባ" አለች ልጅቷ።

"እኔም አቃጥያለሁ።" ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞረው ለመሣቅ ያህል ከንፈራቸውን አነቃነቁ። "የዳኛ ኮት። ያኔ እንኳ እጄ ደህና ነበር፤ መርፌ ክር አንዴ ነው የማጎርሰው። እናትህ ከጓሮ እየሮጠች መጥታ አስጣለችኝ። 'አፍንጫህ ሞቷል እንዴ?' ብላ ሣቀችብኝ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው ይኼ እጄ..." እጃቸውን ሊያሳዩ ማንሣት ጀመሩና ተዉት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ነው። ልብስ ሰፊው "ቁርጥ አባቱን" ሲሉት ዕድሜውን ሙሉ ሲኩራራ ኖሯል። ለልጁም ያወረሳት ሙያውን ብቻ መስሎት ነበር።

ልጅቷ አያቷን አየች፤ አባቷን አየች። ሞኝ አይደለችም።

"አባዬ፣ ጠዋት ምን አሉህ?"

"ነገርኩሽ እኮ።"

"አልነገርከኝም።"

ሙሽራው ማታ ይመጣል። ከቁራጩ የተረፈው ሱፍ አንድ ሱሪ ቢያወጣ ነው፤ ከተበላሸ ሌላ የለም። በዚህ ቤት ደግሞ ሁሉም ይሰፋል፣ ጨርቅ የሚቆርጠው ግን አንድ ሰው ነው። ትልቁ መቀስ ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገረው እጅ ሲከዳ ብቻ ነው። አባቱ መቀሱን ለእሱ የሰጡት፣ አንድ ኮት ትከሻው ላይ አጣመው የቆረጡ ቀን፣ እያለቀሱ ነው።

መቀሱን ከምስማሩ አወረደና በእጀታው በኩል አዙሮ ዘረጋላት።

እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። "እጅህ እኮ ደህና ነው።"

"ደህና ሳለ ልስጥሽ ብዬ ነዋ። አባባ የሰጡኝ ማሳየት ካቃታቸው በኋላ ነው። ብቻዬን ስንት ጨርቅ አበላሸሁ።"

"እንግዲያው አለብህ።"

"ዘሩ አለብኝ። አፍንጫዬም... አልሸተተኝም፣ ልጄ።"

"እኔስ?"

ከጠዋት ጀምሮ ሲሸሸው የዋለው ጥያቄ ይኼ ነበር። "አይታወቅም። ከፈለግሽ ትመረመሪያለሽ፤ ካልፈለግሽ የሚያስገድድሽ የለም።"

መቀሱን ተቀበለችው። ሱፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ልኩን በጠመኔ አሰመረች። ከዚያ መቀሱን አስቀመጠችና የተቃጠለውን ሱሪ አንሥታ፣ ቅድም ከመኪናዋ ድረስ ሸቷት የጮኸችው ልጅ፣ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አሸተተችው።

"ይሸተኛል" አለች።

እሱም በእሷ ዕድሜ ይሸተው ነበር። ይህን አልነገራትም። የጨርቁን ጫፍ እንዳይንሸራተት በሁለት እጁ ያዘላትና፣ "ቁረጪ" አላት።