ቀይ የተቀቡት ዛፎች

የጉሬዛዎቹ ጫካ ብሔራዊ ፓርክ ሊሆን ነው ተብሎ፣ ወሰኑ እንዲታወቅ ዳር ላይ ያሉትን ስልሳ ዛፎች ቀይ ቀለም ቀባኋቸው። ዕድሜውን ሙሉ ግንድ ሲቆርጥ የኖረው አጎቴ መጥቶ ሲያይ ጮኸብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል እንዴ? ቀይ የሚቀባው የሚቆረጥ ዛፍ ነው! ቆራጮቹ ደግሞ ነገ በዚህ ያልፋሉ።»

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «ደብዳቤ እንጽፍላቸዋለን» አለኝ።

«መጋዝ ደብዳቤ አያነብም!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ነጭ ቀለም አምጥቼ በቀዩ ላይ መቀባት ጀመርኩ። አጎቴም እያጉረመረመ ሌላውን ብሩሽ አነሳ። ስልሳኛውን ስንጨርስ ክንዴ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

ጠዋት ቆራጮቹ መጡ። «ዛፎቹ ቀይ ናቸው ተብሎ ነበር እኮ!» አለ አለቃቸው።

«ነበሩ» አለ አጎቴ። ነጭ ቀለም የነካካቸውን እጆቹን አጣምሮ፣ ዛፉን ተደግፎ ቆመ።