የአረንጓዴው መኪና ባለቤት

ቀበሮው ፊነስ ገና ብቅ ሲል የሁለተኛ ክፍል ልጆች ተሯሩጠው እግሩ ላይ ተጠመጠሙ። በቀበሮው ልብስ ውስጥ ያለው ቨርሊን ስትራውድ በላብ ተጠምቋል። የስልሳ አንድ ዓመት ሰው፣ የከተማዋ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ነው፤ ግንቦት በመጣ ቁጥር ይህን ልብስ ለብሶ ስለ ደን እሳት ለማስተማር የአሜሪካዋን ኦሪገን ገጠር ትምህርት ቤቶች ሲዞር አሥራ አንድ ዓመቱ። ፊነስ በደንቡ አይናገርም። የሚያስረዱት መምህርቷ ናቸው፤ እሱ በምልክት ያሳያል።

መምህርቷ የደን እሳት በምን እንደሚነሳ ጠየቁ። ክብሪት ተባለ፣ በወጉ ያልጠፋ ምድጃ ተባለ። ማርሎ የምትባል ጥርሰ ወላቃ ልጅ ግን፣ "በሰንሰለት" አለች።

ባለፈው ነሐሴ የማርሎን ቤት ከነዶሮዎቹ የበላው እሳት የተነሳው ከተጎታች ሰንሰለት ነው። አስፋልቱን ሲፍቅ ፍንጣሪው ደረቅ ሳር ላይ አረፈ፤ የማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። መርማሪው ጋርት በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ እንዲመጣ ሲለምን፣ ቨርሊን በተጎታቹ እንጨት ጭኖ ማለፉ ትዝ ብሎት ነበር። "እኔ? ፊነስ ራሱ?" ብሎ ስቆ ተወው።

"ይህን ማን አስተማረሽ?" አሉ መምህርቷ።

"ፊነስ ነዋ፣ አምና ሲመጣ በምልክት አሳይቶን። አባቴ እኔ ከሥር ገብቼ ሳላይ መኪና አያስነሳም። ዛሬም በር ላይ ያለው አረንጓዴ መኪና የተጎታቹ ሰንሰለት መሬት ነክቶ ነበር። በጫማዬ ክር አሰርኩለት። ሰውየውን ካገኛችሁት አትቆጡት፣ ረስቶ ነው።"

አረንጓዴው መኪና የቨርሊን ነው።

በቀበሮው አፍ ቀዳዳ አሾልኮ አያት፤ አንዱ ጫማዋ ክር የለውም። ልጆቹ የሚስቁለት እንጂ የሚሰሙት መስሎት አያውቅም። ይቺ ግን ሰምታዋለች፤ ቤቷ ተቃጥሎባትም እንኳ አልተጠራጠረችውም። ሰውነቱን ውርር አደረገው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ሲጨርስ ወጥቶ ከመኪናው ኋላ ተንበረከከ። የሰንሰለቱ የመጨረሻ ሁለት ቀለበቶች ተፍቀው ሳስተዋል፤ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ማንም አላየውም። ክሩን ሳይነካ ስልኩን አወጣ።

"ጋርት፣ ቨርሊን ነኝ። የነሐሴውን ሰንሰለት ትፈልግ አልነበር? ትምህርት ቤቱ ጋ ና፣ መኪናውን አላንቀሳቅሰውም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ የማርሎ አባት ከእኔው አፍ ይስማው።"