የሱዋኪኑ ሽማግሌ

ማሚቱ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ባህሩ ውስጥ ገባች። በእፍኟ ጨልፋ ቀመሰችና ቱፍ አለችው።

"ጨው ነው ብዬሽ አልነበር?" አለ ጓንጉል ከዳር ቆሞ።

"ወንድ ያለኝን ሁሉ ባምንማ እስካሁን አራቴ አግብቼ ነበር።"

ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሷ ሃምሳ ነኝ ትላለች፤ እኛ የገዳሪፍ ሐበሾችም እሺ እንላለን። እዚያው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ሰሊጥ ገበያው አጠገብ ሻይ ትሸጣለች። ጓንጉል የጭነት መኪና ነጂ ነው። በቀን አምስት ሻይ እሷ ዘንድ ይጠጣል፤ ለሻዩ ብሎ አምስት የሚጠጣ ደግሞ የለም።

ሁለት ጊዜ አግቢኝ ብሏት ሁለቴም መልሳዋለች። "ሽማግሌ ሳይላክብኝ፣ እንደ ጠፋች ፍየል ተነድቼ ቤትህ አልገባም" አለችው። እውነቷን ነው። ግን ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ዘመዶቹ ከመተማ ወዲያ ናቸው፣ መንገዱም ተዘግቷል። የገዳሪፍ ሐበሻ ቢላክ ደግሞ፣ መልሱ ሳይሰማ ወሬው ከተማውን ይዞራል፤ እኛን ማን ያምነናል?

አሁን የመኪናው ጌታ ፖርት ሱዳን ቀርተህ ሥራ ብሎታል። ዛሬ ሰሊጡን አድርሶ እዚያው ሊቀር ነው። እሷም "እንግዲያስ ባህር አሳይተኸኝ ሂድ" ብላ ከፖርት ሱዳን ወዲህ እስካለችው ሱዋኪን አብራው መጣች። ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ትመለሳለች። እንግዲህ ያለው ጊዜ እስከዚያ ነው።

አሮጌው ከተማ ወዳለበት ደሴት ተሻገሩ። የጥንት ነጋዴዎች ከባህር ድንጋይ የሠሩት ፎቅ ሁሉ ፈራርሶ፣ እዚህም እዚያም ግድግዳና መስኮት ብቻ ቆሟል። ድመት ይመላለስበታል።

"ይኼን የመሰለ ቤት ጥለው ሄዱ?" አለች።

"አንቺስ የሁመራውን ጥለሽ አልመጣሽም?"

የሁመራው ቤቷ ሁለት ክፍል ነበር፤ ደጁ ላይ ሎሚ ያለው።

"እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጪ፣ መጣሁ" ብሏት ሄደ። ቆየ። ጥሎኝ ሄደ እንዴ ስትል፣ አንድ ነጭ ጺም ያለው ዓሣ አጥማጅ አስከትሎ መጣ። ሰውዬው በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ሁለት ዓሣ ይዟል።

"ይኼ ደግሞ ማነው?"

"ሽማግሌዬ ነው። ኦሼክ ይባላል።"

"ከየት አገኘኸው?"

"ከጀልባ ላይ። አሁን ነው የተዋወቅነው።"

ማሚቱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኦሼክ ግን አልሳቀም። በዓረብኛ እንዲህ አላት፤

"ይህን ሰው አላውቀውም። በዚህ ፀሐይ ጀልባ ለጀልባ እየዞረ ሽማግሌ ሁኑኝ ሲል አየሁት። ሌሎቹ ሳቁበት። እኔ ሰባት ሴት ልጅ ድሬያለሁ፤ እንዲህ ለምኖ የወሰደብኝ አማች ግን የለም። እሺ በዪው፣ ልጄ።"

ልጄ የሚላት ሰው ካጣች ስንት ዘመኗ።

ጓንጉል የአገሩን ወግ ነግሮት ኖሯል፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ኦሼክ ፀሐዩ ላይ ቆመ። ዱላው ላይ ተደገፈ። ጓንጉል መሬት መሬቱን ያያል። ከማዶ የአውቶቡሱ ረዳት "ገዳሪፍ! ገዳሪፍ!" እያለ ይጣራል።

ማሚቱ ተነሣች። ነጠላዋን አውልቃ፣ የተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ አነጠፈችው።

"ሐጅ፣ እዚህ ጥላው ሥር ይቀመጡ" አለች።

ኦሼክ ተቀመጠ። ጓንጉል እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

"ምን ትገተራለህ፣ አያ ጓንጉል?" አለችው። "ዓሣውን ተቀበላቸውና እሳት ፈልግ። ሽማግሌ ጦሙን አይሸኝም።"