ምላጩ ከፍ ያለበት ክረምት

ደብዳቤው ለጆይስ የደረሳት በግንቦት መጨረሻ ነው። እሷም ወደ ማንም ሳትደውል ወረቀቱን ይዛ ከግቢዋ በር ላይ ቆመች፤ ኖርም ግሬደሩን እየነዳ እስኪመጣ ጠበቀችው።

ኖርም ትሬዊን የወረዳው ምክር ቤት ግሬደር ነጂ ነው፤ ከማሽኑ ሆድ ሥር ባለው ሰፊ የብረት ምላጭ የጠጠር መንገድ ይደለድላል። በዚያ ወንበር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ ቀስ ብሎ ወረደ።

«የሕመምተኛ ማመላለሻዎቹ ናቸው፤» አለችው ጆይስ። «ሁለት መኪና እዚህ ባክለር መንገድ ላይ ተሰብሮብናል ይላሉ። ካልተጠገነ ከሐምሌ ጀምሮ ከአስፋልቱ አንወጣም ነው የሚሉት።»

«ኬልስ ምን አለ?»

«ምን ይላል፤ ተሸክመሽ ታደርሺኛለሽ አለኝ።»

ኬል ባሏ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከተማው ሆስፒታል ሄዶ ደሙ ይታጠባል። አንድ ቀን ከቀረ ያብጣል፤ ሁለት ቀን ከቀረ ምን እንደሚሆን እዚያ ቤት ማንም አያነሣውም። ጆይስ ዓይኗ ደክሞ መንጃ ፈቃዷን መልሳለች። ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ነው። መንገዱ ከእነሱም ቤት አልፎ ሌላ አምስት ኪሎ ሜትር ሄዶ አንድ የበግ ጉረኖ ጋ ያልቃል።

ኖርም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ኬል ሕመሙ ሳይጥለው በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ የውሃ ቦቴውን እየነዳ ከግሬደሩ ኋላ ኋላ የሚከተል የሥራ ጓደኛው ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ነው ሁለቱም ያረጁት።

«ወረዳው ለገረጋንቲ የሚሆን በጀት የለውም፤» አላት። «በዚህ ምላጭ ላዩን ላበጥረው እችላለሁ። ዝናብ ሲመጣ ግን ያው ነው። ሥሩ አልቋል።»

«አውቃለሁ ኖርም። የጠበቅሁህ ልወቅስህ አይደለም።»

በሰኔ አጋማሽ ግን ወሬ መጣ። የወረዳው መሐንዲስ ሻሚላ ግሬደሩ ከቆመበት ድረስ መጥታ፣ የፌዴራል መንግሥት ለገጠር መንገዶች ገንዘብ መመደቡን ነገረችው። ለክልሉ ሁሉ አንድ ገምጋሚ ተልኳል፤ መንገዶቹን በዓይኑ አይቶ የባሰበትን ይመርጣል።

«ባክለርን አስመዝግቤዋለሁ፤» አለችው። «ሰውዬው ሐሙስ ይመጣል።»

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ ጠዋት።»

እንግዲህ በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ መንገድ ይሰናዳል። ሠርግም ሆነ ቀብር፣ ወይም ልጇን ይዛ የምትመለስ አራስ ብትኖር፣ ኖርም ቀደም ብሎ ምላጩን አውርዶ አንዴ ይመላለስበታል። ያዘዘው የለም፤ የከለከለውም የለም። የቤት እመቤት ሰው ሲመጣባት ጠረጴዛዋን ስትወለውል ለምን ብሎ የሚጠይቃት አለ?

ሰኞ ካፊያ ጣለ። አፈሩ ለምላጭ የሚስማማው ልክ እንዲህ ሲረጥብ ነው፤ ኖርምም ይህን ዕድል አላሳለፈውም። ሰኞንም ማክሰኞንም ዋለበት። ትሬቭ የሚባለው ጎረቤት ከራሱ ማሳ ሁለት ገልባጭ ጠጠር አምጥቶ መንገዱን የምታቋርጠው ትንሽ ወንዝ አጠገብ ያለውን ትልቁን ጉድጓድ ሞላው፤ ልጆቹም ከቦዩ ዳር ሣሩን አጨዱለት። ጆይስ የቴምር ኬክ ጋገረች። ረቡዕ ማታ መንገዱ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ተዘርግቶ ነበር። ኖርም እንደዚያ ያለ ሥራ ከሠራ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ወገቡን ቢያመውም ደስ ብሎት ተኛ።

ሐሙስ ገምጋሚው መጣ። ዳሚየን ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው። ንዝረት የሚለካ ስልክ መስተዋቱ ላይ ለጥፎ አሥራ ዘጠኙንም ኪሎ ሜትር ነድቶ ተመለሰ። ከዚያ ጆይስ ቤት ገብቶ ሻይ ጠጣ፤ ኬኩንም ሁለት ጊዜ ቆረሰ።

«በዚህ ሳምንት ሃያ ሁለት መንገድ አየሁ፤» አለ አፉን እየጠረገ። «እንደዚህ ያማረ የጠጠር መንገድ አላጋጠመኝም። ነጂያችሁ ማን ይሆን? በእውነት ሊመሰገን ይገባዋል።»

ጆይስ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ኖርም ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

የተናገረው ኬል ነው፤ ከወንበሩ ሆኖ፣ በዚያ በቀጠነ ድምፁ። «እንኳን ደስ አለህ ኖርም። በሠላሳ አንድ ዓመትህ ከዋና ከተማ ምስጋና መጣልህ።»

ኖርም በማግስቱ ሻሚላ ቢሮ ሄዶ ቆመ።

«መንገዱን አስተካከልከው?» አለችው።

«እንግዳ ይመጣል አልሽኝ።»

«የሚመጣው እኮ ብልሽቱን ሊያይ ነው።»

«አሁን ገብቶኛል።»

ሻሚላ ግንባሯን በእጇ ያዘች። «እኔ ባደግሁበት ሚኒስትር ሲመጣ የዛፉ ግንድ ሳይቀር ኖራ ይቀባል፤» አለች። «እዚህ ከዚያ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።»

«ንገሪው። ጥፋቱ የኔ ነው በይው። ስሜን ጻፊው።»

ደወለችለት። ረጅም ጊዜ አወራች፤ አንዴም ሳቀች፤ ከዚያ መልሳ ኮስተር አለች። ስልኩን ስታስቀምጥ እንዲህ አለችው፤ «ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በዚህ በኩል ያልፋል፤ አንድ ጊዜ ዳግመኛ ያየዋል። እስከዚያ ግን ማንም እንዳይነካው። እንዳለ ማየት አለብኝ ነው የሚለው። ሰባት ሳምንት ነው ኖርም። ትችላለህ?»

«ምንም አለመሥራት?»

«ምንም።»

«ተምሬው አላውቅም፤» አላት።

ዝናቡ ጠና። በሁለተኛው ሳምንት መንገዱ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተሸበሸበ፤ በአራተኛው የትሬቭን ጠጠር ወንዟ ይዛው ሄደች። ሐምሌ ሲገባ የማመላለሻው መኪና መምጣቱን አቆመ። ጎረቤቶች ተራ ገቡ፤ ሰኞ ትሬቭ፣ ረቡዕ የትሬቭ ሚስት፣ ዓርብ ኖርም ኬልን እስከ አስፋልቱ ያደርሱታል፤ መኪናው ከዚያ ይረከበዋል። መልስ ላይ ኬል መርፌ የተወጋው ክንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ጎማው በዘለለ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል።

«ቀስ ልበል?» ይለዋል ኖርም።

«ቀስ ካልክ እራት ያልፈኛል። ንዳው አንተ።»

ከሁሉ የከበደው ግን ሥራው ነው። ከጆይስ ቤት አለፍ ብለው ወደሚገነጠሉት ሌሎች መንገዶች ለመሄድ ኖርም ከሰኞ እስከ ዓርብ በባክለር ማለፍ ነበረበት። ምላጩን ከፍ አድርጎ፣ ጉድጓዱን እያየ ያልፋል። እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ማውረጃው ሲሄድበት መልሶ ጉልበቱ ላይ ያኖረዋል። ጆይስ በመስኮት ታየዋለች። ሰላምታ ትሰጠዋለች፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አያያትም።

በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ኬልን ሲመልስ መኪናው ወንዟ አጠገብ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ኬል ክንዱን ይዞ ድምፅ አወጣ። ጨርቁ ላይ ቀይ ነገር ታየ። ኖርም መኪናውን አቆመ፤ ከኋላ አካፋውን አወረደ፤ ከዳሩ ድንጋይና አፈር እየዛቀ ጉድጓዱን ይሞላ ጀመር።

ኬል በሩን ከፍቶ እግሩን አወጣ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«ይቺን ብቻ። አንዷን ብቻ።»

«አስቀምጠው።»

«ደምተሃል እኮ።»

«ደሜን ሰዎቹ ሲያጥቡት ነው የዋሉት፤ ትንሽ ቢፈስ ንጹሕ ነው።» ኬል የመኪናውን በር ተደግፎ ቆመ፤ ነፋሱ ካፖርቱን ያወዛውዘዋል። «ስማኝ፤ ስድስት ሳምንት የተንገላታሁት አንተ በሰባተኛው እንድትሽርብኝ አይደለም። የሞላኸውን አፈር መልሰህ አውጣው።»

ኖርም የሞላውን መልሶ ዛቀው። ሽማግሌው በበሽታው ላይ ብርድ ጨምሮ፣ ቆሞ ጠበቀው።

ዳሚየን በቀጠሮው መጣ። ከመኪናው ሲወርድ ሱሪው ላይ ቡና ፈሶበት ነበር፤ ስልኩ ከመስተዋቱ ተላቅቆ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጆይስ ምንም አልጋገረችም። ሰውዬው ኬልን አየው፣ ክንዱን አየው፣ ምስጋናም አላነሣም። ጻፈና ሄደ።

መልሱ መስከረም ላይ ደረሰ። ሻሚላ ራሷ ይዛው ወደ ጆይስ ቤት መጣች፤ ፊቷ ግን ደስታም ኀዘንም አልነበረበትም።

«ተፈቅዷል፤» አለች። «ለአሥራ አንድ ኪሎ ሜትር።»

«ከአሥራ ዘጠኙ?» አለች ጆይስ።

«ገንዘቡ ለብዙ መንገድ ተካፈለ።»

ጆይስ በልቧ ቆጠረች። ቤቷ አሥራ አራተኛው ላይ ነው፤ ከአስፋልቱ ከተጀመረ ገረጋንቲው ደጇ ሳይደርስ ሦስት ኪሎ ሜትር ይጎድላል። እነዚያ ሦስቱ ደግሞ ወንዟን የያዙት፣ የባሱት ናቸው። ኬልን ለማየት ፈራች።

ኖርም ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለና ከላይ እስከ ታች አነበበው። የወረቀት ሰው አልነበረም፤ ጊዜ ፈጀበት።

«ከየት ጀምሩ ይላል?» አላት ሻሚላን።

«እ?»

«አሥራ አንድ ይላል። ከየት እንደሚጀመር ግን አልጻፉም።»

ሻሚላ ወረቀቱን ወስዳ አገላበጠችው። «አልጻፉም።»

«ከዚህ በር እንጀምራለን፤ ወደ አስፋልቱ እንወርዳለን። የሚቀረው ሦስቱ አስፋልቱ ጋ ያለው ነው፤ እሱ ሥሩ ደህና ነው። ያንን እኔ በምላጭ እይዘዋለሁ።»

«እስከ መቼ?» አለ ኬል።

«ወገቤ እስካለ።»

«እንግዲያው ብዙ አይቆይም።»

ሻሚላ ሳትፈልግ ሳቀች። ገረጋንቲው የሚመጣው ከገና በኋላ ነው፤ ማመላለሻዎቹም የሚመለሱት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ጎረቤቶቹ በተራቸው ይቀጥላሉ። ቢሆንም አሁን የሚከለክል የለም።

«መንካት ይቻላል?» አለ ኖርም።

«ይቻላል።»

ኖርም ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ጆይስ በመስኮት ስታየው፣ ግሬደሩ ላይ እንደ ልማዱ በዝግታ ወጣ። ከዚያ ከበሩ ፊት ለፊት ምላጩን አወረደ።